የመቅደላ እስረኞች

በኢትዮጵያ አምባ ሁለት ጥቅም ነበረው፤ በጦር ጊዜ መሸሸጊያ፥ በሰላም ጊዜም የእስረኛ መጠበቂያ ይሆን ነበር። ቀድሞ በአምባ ግሼን፥ ኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወህኒ አምባ፥ የነገሥታት ልጆች በመንግሥት ላይ ሁከት እንዳያነሡ ይጠበቁ ነበር። ሕዝቡ እስር ቤቱን ሁሉ ወህኒ ቤት ማለቱም ከዚህ ከወህኒ አምባ ስም የተነሣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ ይህን የቈየ ልማድ ወደ መቅደላ አዛወሩት። መቅደላ በወሎ አገር ያለ፥ ዙሪያውን ገደል የከበበው፥ በበሮቹ በኩል ካልሆነ በቀር የማይወጡበት ተራራ ነው። ነገር ግን በግሼንና በወህኒ ይጠበቅ የነበረው የንጉሥ ዘር ሲሆን፥ በመቅደላ የተሸነፈ መስፍንና የባላባት ልጅ፥ ከግብጽ የመጡ ጳጳስና የእንግሊዝ ቆንስል፥ የወንጌል ሰባኪና የጦር ሠራዊት ሐኪም ባንድ አምባ ላይ ተገናኙ።

ከነዚህ እስረኞች እኩሌቶቹ በጥፋት፥ እኩሌቶቹም በመያዣነት የተያዙ ነበሩ። የመያዣ ነገር ከሌላው እስራት ሁሉ የከፋ ነው። በጥፋት የታሰረ ሰው የሠራውን ያውቃል፤ ቢምሩት ይፈታል፥ ቢፈርዱበትም ፍርዱን ይቀበላል። መያዣ የሆነው ግን ሌላ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ በሚያደርገው ወይም በማያደርገው ነገር ይድናል፥ ይሞታልም። ራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቢኖር ዕድሜውን ማቈየትና አጠገቡ ያለውን ሰው መርዳት ብቻ ነው።

በመቅደላ የዚህ ነገር ክፋት አስቀድሞ የታየው በፈረንጆቹ ላይ አይደለም፤ በአገሩ ሰዎች ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ባቀኑ ጊዜ የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ይዘው ሄዱ። ምኒልክ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ንጉሡም እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ በኋላም ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ዳሩላቸው። ዳሩ ግን ፍቅሩ ከልብ ቢሆንም አምባው አምባ ነውና ወደ አባታቸው አገር መመለስ አልተፈቀደላቸውም። ምኒልክም ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. በሌሊት ከመቅደላ አምልጠው ከወሎ ገዢ ከወይዘሮ ወርቂት ሰፈር ደረሱ።

ወይዘሮ ወርቂት ግን የገዛ ልጃቸው በዚያው በመቅደላ በመያዣነት ታስሮባቸው ነበር። እንግዳውን መልሰው ቢሰጡ ልጃቸውን ለማስፈታት መንገድ ይሆንላቸዋል፤ እንግዳውን ቢያሳልፉ ደግሞ የልጃቸውን ሞት በገዛ እጃቸው መፈረማቸው ነው። እናት እንዲህ ባለ ምርጫ ላይ ስትወድቅ ምን እንደሚሰማት ማንም ሊጽፈው አይችልም። ሆኖም የምርጫው ጊዜ ረዥም አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ምኒልክ ወደ ወይዘሮ ወርቂት መግባታቸውን እንዳወቁ ወዲያው የወይዘሮዋን ልጅና ከእርሱ ጋር የነበሩትን የወሎ መኳንንት አስገድለው ከገደሉ በታች አስጣሏቸው። ወይዘሮ ወርቂትም ልጃቸው ከሞተባቸው በኋላ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። ኋላ ዐፄ ምኒልክ ተብለው በዐድዋ ድል ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት በዚያች ሌሊት የተረፉት እንዲህ ባለ ዋጋ ነው።

የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ሰባኪው ስተርን ይህ ሲሆን በመቅደላ በብረት ነበሩ። እነርሱ እንዴት እንደ ታሰሩ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶርያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በካሜሮን እጅ ሰጡ፤ ደብዳቤው ሎንዶን ደረሰ፥ መልስ ሳይጻፍበትም በመሥሪያ ቤቱ ቀረ። ንጉሥ ለንጉሥ ጽፎ መልስ ማጣት በማናቸውም አገር ንቀት ነው፤ ስለዚህ ንጉሡ መቈጣታቸው አያስደንቅም። ስተርን ደግሞ በመጽሐፉ የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ነበረች ብሎ ጽፎ ስለ ነበር፥ በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ክፉኛ ተደበደበ፤ ሁለት አሽከሮቹም በዱላ ሞቱ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ታሰረ። ሮዘንታል የሚባለው ባልንጀራቸውም ከነርሱ ጋር ነበር። በገመድ ተጠፍረው ከተሠቃዩ በኋላ በኅዳር 1857 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ካሜሮን ገና ከመጀመሪያው በድብቅ በላከው ቃል ለንጉሡ ደብዳቤ መልስ ካልመጣ በቀር የመፈታት ተስፋ እንደሌለው አስታውቆ ነበር። እንግሊዞች ለቆንስላቸው እስራት የሰጡትን ያህል አሳብ አስቀድመው ለአንዲት ደብዳቤ ሰጥተው ቢሆን ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር።

መልሱን ይዞ እንዲሄድ የተመረጠው ሆርሙዝድ ራሳም ነው። ራሳም ትውልዱ እንግሊዝ አይደለም፤ ከጥንቱ ከነነዌ ፍርስራሽ አጠገብ ባለችው በሞሱል ከተማ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ወገን የተወለደ ሰው ነው። ነቢዩ ዮናስ በሰበከባት ምድር ላያርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ሲያስቆፍር ረዳቱ ሆኖ ሠርቷል፤ ኋላም በዓደን በእንግሊዝ ሹመት ሥር አገልግሏል። በሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ ፈቃድ እስኪመጣለት ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ። ከሐኪሙ ከብላንና ከመቶ አለቃው ከፕሪዶ ጋር ሆኖ በጥር 1858 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረበ። ንጉሡም በክብር ተቀበሉት፤ የታሰሩትንም አስፈትተው በመጋቢት ወር በጣና ዳር በቆራጣ አስረከቡት። ሁሉም አገራችን ልንገባ ነው ብለው ሲሰናዱ፥ በሚያዝያ ወር ነገሩ ባንድ ጊዜ ተለወጠና አስፈቺው ከተፈቺዎቹ ጋር ተያዘ። በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ሁሉም መቅደላ ወጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የብረቱ ቀለበት በራሳምና በባልንጀሮቹ ቍርጭምጭሚት ላይ በመዶሻ ተቀጠቀጠ። ራሳም ይህን ብረት ሃያ ወር ተሸከመው።

ካሜሮንና ስተርን ግን አንድ ጊዜ ተፈትተው፥ ሜዳውንና ባሕሩን አይተው፥ እንደ ገና ወደዚያው አምባ የተመለሱ ስለ ሆኑ የእነርሱ መከራ ከአዲሶቹ ይልቅ የጠና ነበር። ሰው የመጀመሪያውን እስራት በትዕግሥት ቢችል፥ ሁለተኛው ተስፋውን ይሰብረዋልና። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል በምን ቈዩ ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ በአብዛኛው ከንጉሥም ከንግሥትም ዘንድ አይገኝም።

አስቀድሞ የኖሩት በራሳም ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ጠገራ ብር ሆኖ ከምጽዋ በድብቅ ይመጣል፤ ራሳምም ለራሱ ወገን ብቻ ሳያደርግ ለካሜሮን፥ ለስተርን፥ ለሮዘንታልና ለአሽከሮቻቸው ሁሉ ያካፍላል። ጠጅ እያስጣለ የአምባውን ሹማምንት ግብር ያበላል። ይህን እንደ ማታለል የቈጠሩበት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ጠባቂው በእስረኛው ቤት እንጀራ ከቈረሰ ወዲያ እጁ እንደ ቀድሞው አይከብድም፤ የአገሩንም ጠባይ ራሳም በሚገባ ተረድቶት ነበር። ንጉሡ የሰጡት ባልደራባ ሳሙኤል ዐረብኛ ያውቅ ነበርና ራሳም ያለ አስተርጓሚ ከእርሱ ጋር ይነጋገር ነበር። ብላን በሽተኛውን ሁሉ፥ ጠባቂ ቢሆን እስረኛ ቢሆን ሳይለይ፥ ያክም ነበር። እግራቸው በብረት ተይዞ ሳለ በጎጆዎቻቸው አጠገብ መሬቱን ኮትኩተው አትክልት ተከሉ። አትክልት የሚተክል እስረኛ እስኪበቅል ድረስ ለመኖር ቈርጧል ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች እንደ መላእክት ሆነው ኖሩ ብሎ መጻፍ ግን ሐሰት ነው። ካሜሮንና ራሳም አልተስማሙም። ሰባኪዎቹና በጋፋት ለንጉሡ መድፍ ይሠሩ የነበሩት የፈረንጅ አንጥረኞችም እርስ በርሳቸው ይጠራጠሩ ነበር። ከተፈቱም በኋላ ጠቡ አልበረደም፤ በመጽሐፍና በጋዜጣ ሲካሰሱ ኖሩ። ቢሆንም በጠቡ መካከል ብሩ ለሁሉም ይከፈል፥ መድኃኒቱም ለሁሉም ይሰጥ ነበር። ከሚዋደዱት ጋር መካፈል ቀላል ነው፤ በጠባብ አጥር ውስጥ ከማይወዱት ሰው ጋር ሃያ ወር ማዕድ መቍረስ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ብሩና ደብዳቤው በምን መጣ ያልን እንደ ሆነ፥ በኢትዮጵያውያን እግር ነው። ከመቅደላ እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ እንደ ዛሬ ልክ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱም በሸፈቱት በዋግሹም ጎበዜና በትግሬው በካሣ አገር የሚያልፍ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን ሰውሮ፥ በንጉሡም በሸፍቶቹም ጠባቂዎች መካከል ሾልኮ ይወርዳል፤ ቢያዝ እጅና እግሩ እንደሚቈረጥ ያውቃል። ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ግን ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ነጻ ነበር፤ ብሩንም ይዞ ቢጠፋ የሚያገኘው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ግን ብሩን ታጥቀው እንደ ገና ወደ አምባው ይመለሱ ነበር፤ ይህንም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው አደረጉት። ከእንግሊዝ ወገን ስለዚህ እስራት መጽሐፍ ያልጻፈ ጥቂት ነው፤ መልእክተኞቹ ግን የጻፉት የለም። ስለዚህ የራሳም ትዕግሥት በአውሮፓ ሲመሰገን የነርሱ ታማኝነት በቅጡ ሳይነገር ቀረ።

በአምባው ላይ ከሁሉ የሚከብሩት እስረኛ አቡነ ሰላማ ነበሩ። እርሳቸው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስን ቀብተው ያነገሡ ጳጳስ ናቸው። በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያን መሬትና በሌላም ነገር ከንጉሡ ጋር ተጣልተው፥ ቅባቱን የሰጠው እጅ ቅባቱን በተቀበለው እጅ ተያዘ። አቡኑና ራሳም በታመኑ ሰዎች በኩል ይላላኩ ነበር። አቡኑ ገና በልጅነታቸው በካይሮ በፈረንጆች ትምህርት ቤት ተምረው ስለ ነበር የእነዚህ እንግዶች ነገር እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ዐረብኛውም ሁለቱን አቀራረባቸው። በሸፈቱት መሳፍንት ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ ነበርና ወዳጅነታቸው ለእስረኞቹ ትልቅ ጋሻ ነበር። ነገር ግን አቡኑን የሚያስፈታ ጦር ከየትም አልመጣም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በዚያው በመቅደላ ዐረፉ፤ እንግሊዞች አምባው ሥር የደረሱት ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ነው።

አሁን የማርቲን ፍላድን ነገር መናገር ይገባል። ፍላድ በቤተ እስራኤል መካከል የሚሰብክ ጀርመናዊ ነው። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳም በተያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲላክላቸው ደብዳቤ አስጽፈው ፍላድን ወደ ሎንዶን ሰደዱት። መመለሱን የሚያረጋግጥላቸው ግን መያዣ ነበርና ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አስቀሩ። ፍላድ በነሐሴ ወር ከንግሥት ቪክቶርያ ዘንድ ቀረበ። በመጀመሪያ ነገሩ የሚሳካ መሰለ፤ ሠራተኞች ተመረጡ፥ ዕቃም ተገዛ። በኋላ ግን እስረኞቹ በመቅደላ በብረት መታሰራቸው በሎንዶን ተሰማና የእንግሊዝ መንግሥት አሳቡን ለወጠ፤ አስቀድሞ እስረኞቹ ካልተፈቱ ሠራተኞቹ ከምጽዋ አያልፉም ተባለ።

እንግዲህ ፍላድ ንጉሡ የለመኑትን ሳይዝ፥ የማይወዱትን ቃል ብቻ ይዞ መመለስ ሆነበት። ባዶ እጁን መጥቶ የጦርን ወሬ የሚያወራ መልእክተኛ ምን እንደሚጠብቀው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በ1859 ዓ.ም. ተመልሶ ከንጉሡ ፊት ቀረበ፤ እስረኞቹ ካልተለቀቁ እንግሊዝ በጦር እንደምትመጣ ሳይሸሽግ ተናገረ። ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት ሰው ምን ምርጫ ነበረው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለሚስቱና ለልጆቹ ብሎ ቢመለስ እንኳ፥ እውነተኛውን ቃል ባይደብቅ ለእስረኞቹ ሁሉ ነው፤ ንጉሡን በሐሰት ተስፋ ቢያቈያቸው ለጊዜው ራሱን ባዳነ፥ የኋላው ቍጣ ግን በመቅደላ ባሉት ላይ በወረደ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ሳይቀጡት ተዉት። ንጉሡ በቍጣ የሚሠሩትን ያህል ፊት ለፊት እውነት የሚነግራቸውን ሰው ያከብሩ ነበርና።

ጄነራል ናፒየር አሥራ ሦስት ሺሕ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ተጓዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የሚባለውን ታላቅ መድፍ እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ቀድመውት ደረሱ። ሁለቱ የተገናኙት በሰሙነ ሕማማት ነው።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ንጉሡ ከኢትዮጵያውያን እስረኞች አስቀድመው ጥቂቶቹን ፈትተው ነበር። የፈረንጁ እስረኛ ከምጽዋ በሚመጣ ብር ሲኖር፥ ያገሩ እስረኛ ግን እንደ ልማዱ ዘመዱ በሚያመጣለት ስንቅ ይኖር ነበር፤ በዚያ በጦር ሰሞን ደግሞ ዘመድ ሊደርስለት አልቻለም። በእስላምጌ ሜዳ የቀሩት እስረኞች እንጀራና ውሃ አጥተው ጮኹ። ጩኸቱ ከንጉሡ ጆሮ ደረሰና በቍጣ ወጡ፤ በመቶ የሚቈጠሩ እስረኞችም ያን ቀን ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ፈረንጆቹ በድንኳን ሆነው ይሰሙ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን የሚወድ ጸሓፊ ሁሉ ይህን ቀን በፍጥነት ያልፈዋል፤ መውደዱ የሚያስነቅፍ አይደለም፥ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ የደከሙ ንጉሥ ናቸውና። ዳሩ ግን የሞቱትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በዘመዶቻቸው ጥፋት እንጂ በራሳቸው ሥራ የታሰሩ አልነበሩም።

በማግሥቱ በዓርብ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፥ የንጉሡም ጦር ተሸነፈ። ቅዳሜ ጧት ንጉሡ ፕሪዶንና ፍላድን ከአማቻቸው ከደጃዝማች ዓለሜ ጋር ወደ ናፒየር ላኩ። ሁለቱ እስረኞች በእንግሊዝ ሰፈር መካከል ቆሙ፤ የአገራቸው ወታደሮች ዙሪያቸውን ከበቧቸው፥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ባይሉ እስራታቸው አልቆ ነበር። ናፒየር ንጉሡ እጃቸውን እንዲሰጡ፥ ፈረንጆቹንም ሁሉ እንዲያስረክቡ ጽፎ ሰጣቸው። ያን ደብዳቤ ይዞ መውጣት ወደ ሞት መውጣት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ የሐሙሱ ደም ገና አልደረቀም። ነገር ግን እነርሱ ቢቀሩ በአምባው ያሉት ባልንጀሮቻቸው፥ የፍላድም ሚስትና ልጆች፥ በምትካቸው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ወደ አምባው ወጡ። የንጉሡን መልስ ይዘው ሁለተኛ ወረዱ፤ ናፒየርም እንደ ገና ሰደዳቸው፥ እንደ ገናም ሽቅብ ሄዱ። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ሳሉ ራሳምና ካሜሮን፥ ብላንና ስተርን ተፈትተው ሲወርዱ አገኟቸው። ንጉሡ ሁሉንም ለቀዋቸው ነበር። አንጥረኞቹም በማግሥቱ በፋሲካ ከነቤተ ሰባቸው ተከተሉ። ከሕፃናቱ ጋር ስድሳ ያህል ነፍስ ዳነ።

በናፒየር ደብዳቤ የተጠየቁት ፈረንጆቹ ብቻ ነበሩ። በአምባው ላይ የቀሩት ያገር ተወላጆች እስረኞች ከብረት የወጡት ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉና መቅደላ ከተያዘ በኋላ ነው።

ካሜሮን ከተፈታ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ በሁለት ዓመት ሞተ። ራሳም ግን ዕድሜ ተሰጠው፤ ወደ ቀድሞው ሥራውም ተመልሶ የምሥራቅን ፍርስራሽ አስቈፈረ። በ1871 ዓ.ም. በባቢሎን ሲያስቈፍር ከሸክላ የተሠራ እንደ በርሜል ያለ ጽሑፍ ተገኘ። ሲነበብም ባቢሎንን የያዘው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ያስጻፈው ሆነ፤ ባቢሎናውያን ማርከው ያመጧቸውን አማልክት ወደየመቅደሳቸው፥ ሕዝቦቻቸውንም ወደየአገራቸው እንደ መለሰ ይናገራል። በመጽሐፈ ዕዝራ የእስራኤልን ምርኮኞች የፈታው ይኸው ንጉሥ ነው። ሸክላው በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። የዚያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከናፒየር ሠራዊት ጋር መቅደላ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታትም በዚያው ቤት፥ ለሕዝብ እይታ በማይቀርቡበት ክፍል ተዘግቶባቸው ይገኛሉ።